ብሌዷን ያብረቀረቅኩበት ጠዋት

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «ነገ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ አውሮፕላኗ ለግንባር ትነሳለች» ይላል፤ ሌላ አልተጻፈበትም። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያው ዳር፣ በሸራ ድንኳን ጥላ ሥር ስምንት ሰዎች ነበርን። ሁላችንም የሞተር፣ የመሣሪያና የኤሌክትሪክ ቴክኒሽያኖች ነን። ከስምንታችን አንዳችንም የጦር ሜዳ በዓይናችን አይተን አናውቅም ነበር።

ደሴ ፒያሳ ላይ የማገኛቸው ወጣቶች ወታደር እንደነበርኩ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስንት ሰው እንደገደልኩ ነው። «እኔ አንዲት ብሌድ ሞረድኩ» ስላቸው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገሩ ግን እንደዚህ በሳቅ የሚያልፍ አይደለም፤ ስለዚህ ዓይኔና እጄ ሳይደክሙ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ዘመኑ የድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። የምንጠግናቸው አውሮፕላኖች ስማቸው በየሬዲዮው የሚጠራው ትልልቆቹ ተዋጊዎች አልነበሩም። ባለሁለት መቀመጫ የማሠልጠኛ ጄቶች ናቸው፤ ከፊት ተማሪው፣ ከኋላ አስተማሪው የሚቀመጥባቸው። ጦርነቱ ሲብስ ክንፋቸው ሥር ሮኬት ታሰረላቸውና ቀላል ተዋጊ ተባሉ። ሞተራቸው ቱርቦፋን ነው። ከፊቱ ሰፊ ማራገቢያ አለው። ማራገቢያው አየሩን ስቦ ከፊሉን ወደ እሳቱ ይሰድደዋል፤ የቀረውን ደግሞ በእሳቱ ዙሪያ አሳልፎ በኋላ በኩል ይገፋዋል። በዚህ ምክንያት ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፁም ጆሮ አይበጥስም። የማራገቢያው ስስ ክንፎች ብሌድ ይባላሉ። ሞተሩ ሙሉ ኃይል ላይ ሲሆን ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ይዞራሉ። አንዷ ብትሰበር ሌሎቹን ሰባብራ፣ የሞተሩን ቆርቆሮ ቀድዳ ነው የምትወጣው። ሞተሩ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ መለዋወጫ የለም።

ትእዛዙ በደረሰን ዕለት ጠዋት ሁለት ጄቶች ከእኛ ዘንድ ነዳጅ ሞልተው ተከታትለው ሊነሱ ሲሉ፣ የፊተኛዋ ሞተር ያስነሳው ነፋስ ጠጠር አስፈነጠረ። የኋለኛዋ ዋጠችው። አብራሪዋ ሻምበል ዳዊት፣ ዝምተኛና ቀጭን ሰው፣ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰምቶ ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። የፊተኛዋ ብቻዋን ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ ክንፏ ተበስቶ ወደ ዋናው ጣቢያ እንደተመለሰች በሬዲዮ ሰማን። የቀረችው የእኛዋ ብቻ ሆነች።

የምትፈለግበት ምክንያት ይህ ነው። ግንባር ላይ አንድ ሻለቃ እግረኛ ጦር አንድ ኮረብታ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ከማዶ፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተደበቁ ሁለት መድፎች ይደበድቡታል። የእኛ መድፍ አይደርስባቸውም። ትልልቆቹ ተዋጊዎች ሌላ ቦታ ተጠምደዋል፤ ፍጥነታቸውም ለዚያ ሸለቆ አይመችም። ዝቅ ብላ፣ ዝግ ብላ የምትገባ ትንሽ ጄት ነበረች የምታስፈልገው።

ከኮክፒቱ ኋላ፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን የመፈተሻ በር ከፍተን በባትሪ አየን። ሰባተኛዋ ብሌድ ጠርዟ ላይ ተቦድሳለች። ቡዳሷ የትንሽ ጣት ጥፍር ግማሽ አታክልም። እንዲህ ያለውን ቡዳስ ጠርዙን በሞረድ እያለዘቡ ወደ ለስላሳ ቅስት መለወጥ የተፈቀደ ሥራ ነው። የተፈቀደው ግን እስከ ልክ ነው፤ ከልኩ ካለፈ ብሌዷ ትጣላለች፣ ብሌዷ ከተጣለች ሞተሩ ይወርዳል፣ ሞተሩ ከወረደ አራት ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ሌላም ነገር አለ። ከቡዳሱ ሥር ስንጥቅ ገብቶ እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ የምንጠቀምበት ቀዩ ፈሳሽ ካለቀ ሳምንት አልፎታል።

አለቃችን መቶ አለቃ ገዛኸኝ ሃያ ዓመት በብረት ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል። «በጥንቱ ዘዴ እንሠራለን» አለ። የጥንቱ ዘዴ ነጭ ጋዝና ጠመኔ ነው። ብረቱን በነጭ ጋዝ ታርሰዋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ አድርቀህ ትጠርጋለህ፣ የተፈጨ ጠመኔ ትነሰንስበታለህ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ይወጣና ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል። ጋዙ አለን። ጠመኔው ከትምህርት ቤት መጣ። የቀረን አጉሊ መነጽር ነው። «ጨርቅ ፋብሪካ ሂድ፤ ክር የሚቆጥሩበት መነጽር አላቸው» ብሎ እኔን ላከኝ።

የጨርቁን ጥራት ከሚያዩት ሴቶች ዘንድ አደረሱኝ። እትዬ ዘሀራ የሚባሉ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ሴት፣ ከጠረጴዛው ቀና ሳይሉ ሰሙኝ።

«እትዬ፣ መነጽሩን ለነገ ጠዋት ያውሱን።»

«መነጽሩ በስሜ የተሰጠኝ ነው፤ ከእጄ አይወጣም። ከፈለጋችሁ እኔ ልምጣ።»

«አውሮፕላን ላይ መውጣት አለው እኮ።»

«ታዲያ እኔ ከመነጽሩ አንሼ ነው?» አሉ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። «አብሽር ልጄ። የፈረቃውን ጨርቅ አይቼ ሦስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፤ ወላሂ አልቀርም።»

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። የክፍሉ ሰዎች አራጋው መስታወት ይሉኝ ነበር። የነካሁትን ብረት ሳላብረቀርቅ አልተውም። የደሴ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ በእጄ ሥራ ሰው ሲደነቅልኝ ደስ ይለኛል፣ ይህን አልክድም። በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞረዴን ይዤ ክንፏ ላይ ወጣሁ። የብረት ብናኙ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ሰባት ጨርቅ ቆጥረን በብሌዶቹ ዙሪያ ጠቀጠቅን። ቡዳሷን ለዘብ፣ ለዘብ እያደረግሁ ቅስት አወጣሁላት። ከዚያ በሱፍና በቅባት ወለወልኳት። ሻምበል ዳዊት ከሥር ሆኖ ያይ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ «ፊቱን ሊላጭባት ነው» አለና ተሳሳቅን። ብሌዷ ፊቴን እስክታሳየኝ ድረስ አላቆምኩም።

ከዚያ ጋዙንና ጠመኔውን አደረግን። ጠመኔው ነጭ ሆኖ ቀረ። አንዲት መስመር አልወጣችም። ሬዲዮኛው «ዝግጁ ነን» ብሎ አስተላለፈ። ሰዓቱ ሦስት ነበር።

እትዬ ዘሀራ በቃላቸው መጡ። መሰላሉ ሥር ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ንጹህ ነገር ላይ በጫማ አይወጣም ብለው ነው። ጭንቅላታቸውን በበሩ አስገብተው፣ መነጽራቸውን ብሌዷ ላይ ደፍተው ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«ይሄን እንዲህ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ምስጋና ነበር የጠበቅሁት።

«አበላሸኸው» አሉ። «እኛ ጨርቁን የምናየው ስታርች ሳይገባና ማሽን ሳይጫነው ነው። ከተጫነ በኋላ የተበጠሰ ክር ቢኖርም ይተኛል፤ አይታይም። ገዥው ቤቱ ወስዶ ሲያጥበው ነው ጉዱ የሚወጣው። ይሄም ብረት ተኝቷል። እዚህ ጠርዙ ላይ ብረቱ በብረቱ ላይ ተለስኗል። ከሥሩ ያለውን እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም፣ ልጄ።»

ያሉትን ያልተማርኩት ሆኖ አልነበረም። በሥልጠና ጊዜ መምህራችን ደጋግሞ ነግሮን ነበር፤ መጀመሪያ መርምር፣ ኋላ ወልውል። ሲወለወል ብረቱ እየተሳበ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል፣ ጋዝም አያስገባም። እያወቅሁ፣ ሰው ስላየኝ ብቻ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

መቶ አለቃ ገዛኸኝ ቅጹን ይዞ መጣ። «ጠመኔው አላሳየም» አለ። «ትፈርማለህ ወይስ አትፈርምም?»

እዚህ ላይ የክፍላችንን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩን ነካክቶ ለበረራ ብቁ ናት ብሎ የፈረመ ቴክኒሽያን በመጀመሪያው በረራ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በሰላሙ ጊዜ ሜዳውን አንድ ዙር ዞሮ መመለስ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ለሙከራ የሚሆን ጊዜ አልነበረም፤ የመጀመሪያው በረራ ራሱ ውጊያው ነው። ከኮምቦልቻ ሲነሱ ተራራው ቅርብ ነው። ሮኬት ተሸክማ እየወጣች ሳለ ሞተሩ ቢከዳ ለመመለሻ የሚሆን ከፍታ የለም።

«አልፈርምም» አልኩ። «ስወለውል ደፍኜው ይሆናል። እንደገና ልሥራው።»

ለሻምበል ዳዊት ይሁን ለራሴ ነፍስ እንደሆነ የፈራሁት እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

መቶ አለቃው ድምፁ ዝቅ ብሎ «ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» አለኝ። «ሦስት ሰዓት» አልኩት። ሬዲዮኑን ራሱ ያዘ። ከወዲያ ያለው አዛዥ «ሦስት ሰዓት ኮረብታው ላይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» ሲል ሁላችንም ሰማን። መቶ አለቃው «አውቃለሁ» አለና መነጋገሪያውን አስቀመጠ። ስሜን አልጠራም። ጥፋቱ የክፍሉ እንደሆነ አድርጎ ነው የተናገረው።

የተለሰነውን ብረት በደቃቅ የመሳያ ድንጋይ ገፈፍኩት። ጋዝ አጠጣን፤ ጠበቅን፤ ጠረግን፤ ጠመኔ ነሰነስን። መስመሯ ብቅ አለች። ግራጫ ነበረች፤ ከጸጉር አትወፍርም። ከቅስቱ ተነስታ ወደ ብሌዷ ውስጥ ገብታለች። ሻምበል ዳዊት መሰላሉን ወጥቶ አያት። ትከሻዬን መታ አድርጎ ወረደ።

አራት ሰዓት ሆነ። ሬዲዮኑ ላይ ኮረብታው ይጣራል። ሞረድኩ። ጋዝ፣ ጥበቃ፣ ጠመኔ። መስመሯ አጠረች እንጂ አልጠፋችም። ከልኩ ግማሹን በልቻለሁ። አምስት ሰዓት። ሞረድኩ። ጋዝ፣ ጥበቃ፣ ጠመኔ። አሁን ነጥብ ብቻ ቀረች። ልኩን በመለኪያው ሳየው የቀረኝ የወረቀት ውፍረት ነው። ሞረዱን ብሌዷ ላይ አሳርፌ መልሼ አነሳሁት፤ ከዚያ በፊት ደርሶብኝ አያውቅም። እትዬ ዘሀራ ከጎኔ ክንፉ ላይ በባዶ እግራቸው ተቀምጠው ነበር። ወደ ፋብሪካው ሊመልሳቸው የመጣውን መኪና «ቆይ» ብለው አቁመውታል።

«ቢስሚላህ በልና ጀምር» አሉኝ።

«እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው በስመ አብ በል። እጅህ ይረፍ እንጂ ሁሉንም እሱ ይሰማል።»

በስመ አብ ብዬ ሞረዱን ሦስት ጊዜ ሳብኩ። ከዚያ በኋላ ብረቱን አልነካሁም። ጋዝ አጠጣን። ጠመኔውን ነሰነስኩና ዞር አልኩ፤ ማየት አቃተኝ። እትዬ ዘሀራ መነጽራቸውን ደፍተው አዩ፣ ቦታ ቀይረው አዩ፣ በሌላው ዓይናቸው አዩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ንጹህ ናት» አሉ። መቶ አለቃው ደግሞ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። ሜዳው ላይ የቆሙት ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ተነፈሱ።

ሚዛኑ እንዳይዛባ ትይዩዋን ብሌድ በዚያው መጠን ለዘብ አደረግን። ጨርቆቹን አወጣን፤ ሰባት። በሩን ዘጋን። ፈረምኩ። የኋላው መቀመጫ ላይ አሰሩኝ። ሻምበል ዳዊት በመነጋገሪያው «መስታወት፣ ምንም ነገር እንዳትነካ» አለኝ። ከእሱ አፍ ቀልድ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ተነሳን። ሞተሩ ሙሉ ኃይል ሲይዝ መላ ሰውነቴ ጆሮ ሆነ። ሰባተኛዋን ብሌድ ከሌሎቹ ለይቼ ለመስማት ሞከርኩ፤ አይቻልም። ተራራው መጣ፤ ተጠማዘዝን፤ ደሴ ከሥራችን በግራ አለፈች። ሞተሩ አንድ ዓይነት ድምፅ ነበር የሚያሰማው፣ ከዚያ ድምፅ ዝንፍ አላለም። ያኔ ነው መተንፈስ የጀመርኩት።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሻምበሉ «ታየኝ» አለ። ዝቅ አልን። ሸለቆው ሁለት ጎኑ ገደል ነው። የመድፍ ጭስ አየን። ከግራ ተተኮሰብን። የብርሃን ነጥቦች ከክንፋችን በላይ አለፉ። ሮኬቶቹ ሄዱ። ወደ ላይ ስንወጣ ደረቴ ተጫነ፤ ዓይኔ ጨለመ፤ ተመለሰልኝ። ዞርን። በአንደኛው መድፍ ቦታ ላይ ጥቁር ጭስ ቆሟል። ሁለተኛው ገና ይተኩሳል። «አንድ ጊዜ ደግሞ» አለ ሻምበሉ። ገባን። ሐሳቤ በስተኋላዬ ነበር፤ ሞተሩ ላይ። ሮኬቶቹ ሄዱ። ኃይል ጠየቃት፤ ሰጠችው። ከገደሉ በላይ ወጣን።

የሁለተኛውን መድፍ መጨረሻ እኔ አላየሁትም። የሰማሁት በሬዲዮ ነው። ከኮረብታው ላይ አንድ ሻካራ ድምፅ «መታችሁት! ሁለቱንም መታችኋቸው!» ይላል፤ ከኋላው ሰዎች ይጮኻሉ። ሻምበል ዳዊት «ተቀብያለሁ» አለ። ድምፁ ተሰበረ። እኔ ደግሞ ጭምብሌ ውስጥ ሳላፍር አለቀስኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምቦልቻ አረፍን። ፈረቃ የወጡት የፋብሪካ ሠራተኞች አጥሩን ሞልተውት ነበር፤ እልልታው ሞተሩን አስረሳን። ጓደኞቼ በትከሻቸው አወረዱኝ። መቶ አለቃ ገዛኸኝ ጨብጦኝ እጄን ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። እትዬ ዘሀራ ግን ማንንም ሳይጨብጡ ጫማቸውን አውልቀው መሰላሉን ወጡ። በሩን እስኪከፍቱላቸው ቆመው ጠበቁ። አይተው ሲወርዱ «እንደነበረች ናት» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው አቅፈው የሳሙኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ በሠርጌም በልጆቼ ልደትም አግኝቼዋለሁ፤ ከእነዚያ ግን አያንስም ነበር።

በሳምንቱ ከዚያ ጦር የቆሰሉ ወታደሮች ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መግባታቸውን ሰማን። ፈቃድ ጠይቄ ከደሴ በሚኒባስ ሄድኩ። እግሩ የተጠቀለለ አስር አለቃ ሰይድ የሚባል የወረባቦ ልጅ አገኘሁ። ከአውሮፕላኗ ክፍል መሆኔን ስነግረው ቀና ብሎ ለመቀመጥ ታገለ። ብርቱካን ላጥኩለትና አወራን።

«በዚያ ቀን ስንት ሞተባችሁ?» አልኩት።

«ዘጠኝ።»

«ከዘጠኙ ከአራት ሰዓት በኋላ የሞቱት ስንት ናቸው?»

ለምን እንደጠየቅሁት አልገባውም። በጣቱ ቆጠረ። «አምስቱ ጎህ ሲቀድ ነው። አራቱ ከአራት ሰዓት በኋላ።»

ነገርኩት። ብሌዷን ማብረቅረቄን፣ ጊዜ ማባከኔን፣ ሦስቱን ሰዓት የበላሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ብርቱካኑን እያኘከ ሰማኝ። ከአልጋው አጠገብ ያባርረኛል ብዬ ነበር።

«ስንጥቋን ይዛ ብትነሳ ትወድቅ ነበር?»

«ትወድቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።»

«እንግዲያው እኔንም ከእነሱ ጋር ደምረህ ትቆጥረኝ ነበር» አለ። «ጥፋት አጥፍተሃል፣ ወንድሜ። ግን ተናግረህ አስተካከልከው።»

በመድፎቹ ዘንድ የነበሩትን ሰዎች ማንም አልቆጠረልኝም። እነሱም እናት እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ስለ ድሉ ስናገር ድምፄን የማልጨምረው ለዚህ ነው። የአራቱን ስም ግን አስር አለቃ ሰይድን ጠየቅሁት። የሦስቱን ነገረኝ። አራተኛው ከመጣ ሁለት ቀኑ ስለነበረ ስሙን የያዘለት ሰው አልነበረም። ሦስቱን ስም በእጄ ላይ በእስኪሪብቶ ጻፍኩ፤ ለአራተኛው ቦታ ተውኩለት።

ልሄድ ስነሳ «ከኮረብታው በእግራቸው የወረዱትስ ስንት ናቸው?» አልኩት።

ጣቶቹን ዘረጋ፤ መቁጠር ጀመረና ተወው።

«እሱስ ይቅር» አለ። «ብዙ ነን።»